ከአቡጀዲ የሚሠራ የግቢ ሲኒማ

የከተማ ቤተሰብ የምሽት ኑሮ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በእጅጉ ተለውጧል። ቀደም ሲል በአንድ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ፣ የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን በራፍ ላይ አውልቀው፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው በጋራ ይመለከቱ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቆየው ልማድ ይኸው ነው። ዛሬ ግን በአንድ ጣራ ሥር አራት ሰዎች ቢኖሩ አራቱም በየስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያመሻሉ። እናት ራት አቅርባ ስትጣራ እንኳ ቶሎ ቀና የሚል የለም። ልጁ የሚያየውን አባት አያውቅም፤ ልጅቷ የምትሰማውን እናት አትሰማም።

ይህን ሁኔታ ስልክ በመንጠቅና በቁጣ ብቻ ለማስተካከል የሚሞክሩ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ የተነጠቀ ስልክ ነገ መመለሱ አይቀርም፤ ቁጣም ሲደጋገም ይለመዳል። የሚሻለው ቤተሰቡን በአንድ ቦታ የሚሰበስብና ከስልኩ የበለጠ የሚስብ ነገር ማዘጋጀት ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምናቀርበውም ለዚሁ የሚረዳ፣ በጥቂት ሜትር አቡጀዲና በሁለት አጣና በገዛ ግቢያችን የሚቆም የሲኒማ መጋረጃ አሠራር ነው።

ለምን ከቤት ውጭ?

አብዛኛው የከተማ ቤት፣ በተለይም የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰው ከተቀመጠ ሰባተኛው በር ላይ ይቆማል። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ግቢ ግን ቀን ልብስ ከማስጫትና መኪና ከማቆም በቀር ማታ ባዶውን ያድራል። ከዚህም በላይ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች የሚገናኙት ለቅሶ ሲኖር ወይም ውሃ ሲጠፋ ብቻ እየሆነ መጥቷል። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያውቅ ነው። በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በአንድ መጋረጃ ፊት አብሮ መቀመጥ የማንን ልጅ ማን እንደወለደው እንኳ ለማወቅ ይረዳል። የጎረቤቶቿን ስም የምታውቅ እናት፣ ሥራ አምሽታ ስትቀር ልጇን የምታስጠጋበት ቤት አላት ማለት ነው።

መጋረጃውን ማዘጋጀት

ለመጋረጃ የሚመረጠው ነጭና የማያብረቀርቅ ጨርቅ ነው። የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ሸራ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልሰው፣ መሐል የተቀመጠው ሰው ዓይኑን ሲያጭበረብረው ዳር ያለው ደግሞ ሥዕሉ ይደበዝዝበታል። አቡጀዲ ግን ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን ከየትም ቢቀመጡ ሥዕሉ እኩል ይታያል።

ለአንድ መካከለኛ ግቢ 2.40 ሜትር ወርድና 1.35 ሜትር ከፍታ ያለው መጋረጃ ይበቃል። ይህ ልክ የተመረጠው በዘመኑ ፊልሞች መጠን፣ ማለትም 16 ለ9 በሆነው ስሌት ነው። የአቡጀዲው ጣቃ ወርድ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቁን በአግድም በመዘርጋት ያለ ስፌት መሥራት ይቻላል። ለዕጥፋትና ለመኮማተር ታስቦ 3 ሜትር መግዛት ያስፈልጋል። ጣቃው 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወርድ ካለው ግን 6 ሜትር ተገዝቶ ሁለት ቁራጭ ይቀጠላል። በዚህ ጊዜ ሰፊው ቁራጭ ከላይ፣ ጠባቡ ከታች እንዲውል ማድረግ ይገባል። ስፌቱ መሐል ላይ ከዋለ በተዋናዮቹ ፊት ላይ እንደ ጠባሳ ሆኖ ይታያልና።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ ይኖርበታል። አዲስ አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፤ ሳይታጠብ ተሰፍቶ አንድ ቀን ዝናብ ቢያገኘው ልኩ ይበላሻል። ታጥቦ፣ ደርቆና በደንብ ተተኩሶ ከተቆረጠ በኋላ ዙሪያው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋል። በዙሪያው በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከዚያው ጨርቅ ትርፍራፊ የተሠራ ጠንካራ ማንጠልጠያ ይሰፋበታል፤ ጠቅላላው 25 ያህል ይሆናል። ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ቢደረብበት ብርሃኑ አልፎ እንዳይባክን ይረዳል። ዳር ዳሩን ደግሞ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥቁር ጥለት ማድረግ ሥዕሉን ጎላ ያደርገዋል። የስፌት መኪና ያላት ጎረቤት ካለች ሥራው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም።

ለስላሳ ልስን ያለውና ሰፊ ባዶ ግድግዳ ያለው ግቢ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ግድግዳውን የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም መቀባት ብቻ ይበቃል።

ማቆሚያው

ማቆሚያው ከሁለት ቀጥ ያሉ የ3 ሜትር የባሕር ዛፍ አጣናዎችና ከሁለት አግዳሚ እንጨቶች ይሠራል። የአጣናዎቹ መካከል 2.60 ሜትር መሆን አለበት። የታችኛው አግዳሚ ከመሬት በ80 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው በ2.35 ሜትር ከፍታ ላይ ይታሰራል። በዚህ ዓይነት ክፈፉ በየጎኑ ከመጋረጃው አሥር ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ጨርቁን ወጥሮ ለማሰር ቦታ ይገኛል። እንጨቶቹ በሚስማር ከሚመቱ በብሎን ቢያያዙ ይመረጣል፤ ፊልሙ ሲያበቃ ፈትቶ ከደረጃ ሥር ማስቀመጥ ይቻላልና።

መጋረጃውን ለማሰር ከተራ ገመድ ይልቅ የአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ተቆርጦ ቢሠራበት እጅግ ጥሩ ነው። ጎማው ስለሚለጠጥ ጨርቁ ሳይሸበሸብ ይወጠራል፤ ነፋስ ሲመጣም በመጠኑ ይሰጣል እንጂ ስፌቱን አይቀድም።

መሬቱ አፈር ከሆነ አጣናዎቹ 50 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይተከላሉ። ግቢው ድንጋይ ንጣፍ ከሆነ ደግሞ ባዶ የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ አጣናው ቆሞ ኮንክሪት ይሞላበታል፤ አንዱ ባልዲ ሲደርቅ 45 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዚህ ጊዜ የአጣናው 50 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በታች ስለማይገባ በ2.50 ሜትር ቁመት ቢቆረጥ ይበቃል።

እዚህ ላይ ቸል ሊባል የማይገባው ነፋስ ነው። የተወጠረ ጨርቅ እንደ ጀልባ ሸራ ነፋስ ይይዛል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲህ ያለውን መጋረጃ 18 ኪሎ በሚጠጋ ክብደት ያህል ይገፋዋል። መጋረጃው በሕፃናት ላይ እንዳይወድቅ ከየአጣናው ጫፍ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ በድምሩ አራት ገመዶች ወርደው በካስማ መወጠር አለባቸው። ድንጋይ ንጣፍ ላይ ከሆነ በካስማ ፈንታ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ያገለግላል። ልጆች በጨለማ እንዳይደናቀፉ በየገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ማሰርም ያስፈልጋል። ነፋሱ ከበረታ ግን ፊልሙን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ እንጂ መታገል አይበጅም።

ፕሮጀክተሩና አቀማመጡ

ከዚህ ሁሉ ውድ የሚሆነው ፕሮጀክተሩ ነው። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይግዛው ማለት አይቻልም። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ አሥር አባወራዎችና እማወራዎች ቢያዋጡ ለእያንዳንዱ ቤት ሸክሙ ይቀልላል። የዕድር ድስትና ወንበር ተመዝግቦ በኃላፊነት እንደሚያዝ ሁሉ ይህም አንድ ያዥ ሊኖረው ይገባል። ለሠርግና ለስብሰባ የሚያከራዩ ሰዎች ስላሉ መጀመሪያ ለአንድ ምሽት ተከራይቶ መሞከርም ብልህነት ነው።

ለመግዛት የሚያስቡ የብርሃኑን መጠን መጠየቅ አለባቸው። መለኪያው ሉመን ይባላል። በአንዳንድ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው እጅግ የተጋነነ ስለሆነ "አንሲ ሉመን" ተብሎ የተገለጸውን መመልከት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። መጋረጃውን ከመጠን በላይ ማስፋትም ጥቅም የለውም። ወርዱም ከፍታውም በእጥፍ ቢጨምር፣ ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚበተን ሥዕሉ አራት ጊዜ ይደበዝዛል።

ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከመጋረጃው ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርቀት ይፈልጋሉ፤ ለኛ መጋረጃ 3.60 ሜትር ያህል ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ በመሣሪያው መመሪያ ላይ ይገኛል። ሕፃናት ከፊት በምንጣፍ ላይ፣ አዋቂዎች ከኋላ በወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልጆች በብርሃኑ ፊት እየተመላለሱ ካስቸገሩ ጥቁሩን ጨርቅ አንስቶ ፕሮጀክተሩን ከመጋረጃው ጀርባ ማስቀመጥ ይቻላል። በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ሥዕሉን የሚገለብጥ ምርጫ ስላለ ጽሑፉ በትክክል ይነበባል። ፊልሙን ቀደም ብሎ በፍላሽ ወይም በኮምፒዩተር መያዝም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ሰው እንዳይሰለች ያደርጋል።

በአዲስ አበባ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ስለሚጨልም፣ ምሽት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከተጀመረ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል። አመቺዎቹ ወራት ዝናብ የማይበዛባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ናቸው፤ ብርዱ ስለሚበረታ ግን ጋቢና ብርድ ልብስ መዘንጋት የለበትም። እንደ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ባሉ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሚገኙ ከተሞች የወባ ትንኝ የምትናከሰው ማታ ስለሆነ፣ ልጆችን እጅጌያቸውና እግራቸው የሚሸፈን ልብስ ማልበስና የትንኝ መከላከያ ቅባት መቀባት ይገባል።

የኤሌክትሪክ ጥንቃቄ

220 ቮልት ከውጭ ጨለማና ከእርጥብ መሬት ጋር ሲገናኝ አደጋው ቀላል አይደለም። የማራዘሚያ ገመዱ ያልተላጠ፣ ያልተቀጣጠለና የመሬት መስመር ያለው መሆን አለበት። ተጠቅልሎ ያለ ረጅም ገመድ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይዘርጋ። ገመዱ በሰው መተላለፊያ ላይ ወይም በምንጣፍ ሥር አይለፍ። መገጣጠሚያው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ዝናብ ጠብ ሲል መጀመሪያ የሚነቀለው ሶኬቱ ነው። ነቅሎ የሚሰካውም አንድ የታወቀ አዋቂ ሰው ብቻ ይሁን። የፕሮጀክተሩ የአየር መተንፈሻ በጨርቅ እንዳይሸፈን፣ ልጆችም የመብራቱን ዓይን በቀጥታ እንዳይመለከቱ መጠንቀቅ ያሻል። መብራት ድንገት ቢጠፋ ግርግር እንዳይፈጠር የእጅ ባትሪ በቅርብ መኖር አለበት።

የጎረቤትም መብት አለ። በሕንፃው የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ሕመምተኛ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በፊት ማስታወቅ፣ ድምፁን መጠነኛ አድርጎ ማጉያውን ከመጋረጃው ሥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በአካባቢው ለቅሶ ካለ ደግሞ መጋረጃው አይዘረጋም፤ ይህን ማንም ሊነግረን አይገባም። ፊልሙ ሲያበቃ ከሌላ ሕንፃ የመጡ ልጆችን እስከ በራቸው የሚያደርስ አዋቂ አስቀድሞ ይመደብ።

ምን ይታይ?

መጋረጃ መዘርጋቱ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ የሚታየውን መምረጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጡ ይመክራል። ስለዚህ ምሽቱን በሁለት መክፈል ይበጃል። መጀመሪያ ለትንንሾቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ያለ በቋንቋቸው የተዘጋጀ ዝግጅት ይቅረብ። እነሱ ከተኙ በኋላ የትልልቆቹ ፊልም ይቀጥላል።

ለትልልቆቹ አገርኛ ሥራዎችን ማስቀደም መልካም ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣው "ሂሩት አባቷ ማነው" ነው፤ ርዕሱ ራሱ ዛሬም በብዙ ቤት የሚነሳ ጥያቄ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ "ድፍረት" ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ በተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ላይ የተመሠረተ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅና የቆመችላትን የሕግ ባለሙያ ታሪክ ያሳያል። ይህ ለሕፃናት የሚሆን አይደለም፤ ለአቅመ ሔዋንና ለአቅመ አዳም የተቃረቡ ልጆች ግን ከወላጆቻቸው ጋር ቢያዩት ይጠቅማቸዋል።

እናት ለልጇ ስለ ጠለፋና ስለ ሴት መብት በቀጥታ ለመናገር አፏ ሊተሳሰር ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ስላለችው ልጅ ማውራት ግን አይከብዳትም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንደነበረው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ እንደዘጋው በዚያው አጋጣሚ ማስረዳት ይቻላል። ወንድ ልጆችም ይህን እህቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው መስማታቸው ትልቅ ትምህርት ነው።

የባለሙያን ድካም ማክበርም ይገባል። ፊልምን ገንዘብ አስከፍሎ ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የተጠበቀ መብት ነው። በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ወይም ባለቤቶቹ ራሳቸው በይፋ በነፃ የለቀቁት ብዙ ሥራ ስላለ የተሰረቀ ቅጂ መፈለግ አያስፈልግም።

እናትም ትቀመጥ

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን ጉዳይ እናንሳ። በብዙ ቤት መዝናኛ የሚባለው ነገር ለሴቷ ተጨማሪ ሥራ ነው። ሌላው ሲቀመጥ እሷ ቡና ታፈላለች፣ ፈንዲሻ ታቀርባለች፣ ሲኒ ታጥባለች። ትልቋ ሴት ልጅ ትሪ ይዛ ስትመላለስ ወንድሟ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደላድሎ ያያል። ገና ሳይነጋ ተነስታ ስንቅ ቋጥራ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ስምንት ሰዓት ሠርታ የተመለሰች እናት የግቢ ሲኒማ ተብሎ ሌላ ድግስ የሚጫንባት ከሆነ፣ መጋረጃው ባይዘረጋ ይሻላል።

ስለዚህ ደንቡ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። ቡናው ከፊልሙ በፊት ተጠጥቶ ያልቃል። ለፊልሙ ጊዜ የሚቀርበው ቆሎና ፈንዲሻ ብቻ ነው፤ እሱንም በየተራ የሚያዘጋጁት አባቶችና ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይባል ይሆናሉ። አጣና መትከል የወንድ፣ ምንጣፍ ማንሳት የሴት ሥራ አይባልም። ፊልሙ ሲጀመር ማንም እናት ከቦታዋ አትነሳም። ለእናቶች የሚለቀቀውም መሐለኛው፣ ከሁሉ የተሻለው ረድፍ ነው።

እንግዲህ እናቶች፣ በመጪው ቅዳሜ አንድ ጎረቤት አነጋግሩ፤ ግቢያችሁንም በሜትር ለኩ። ሥራው የሚጀመረው በ3 ሜትር አቡጀዲ ነው። ልጆቻችን ነገ ብዙ ነገር ብቻቸውን ያያሉ፤ ያን ሁሉ ልንከለክላቸው አንችልም። ያዩትን ይዘው ወደ እኛ የሚመጡት ግን አብረውን ማየትና መነጋገር ሲለምዱ ነው።